አሥራ ሁለተኛው ሰው፦ የሆኪ ማጣሪያ ወሬ ከባሕር ዳር (የፖድካስት ውይይት)

ትርንጎ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ከባሕር ዳር ነው የምናወራችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ሆኪ ነው፤ የበረዶው ሳይሆን የሜዳው። ብሔራዊ ቡድኖች ለዓለም ዋንጫ እንዴት ነው የሚያልፉት? አያ ይበልጣል ጠረጴዛውን በወረቀት ሞልቶታል። እኔ ግን ያለኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

ይበልጣል፦ አውቄዋለሁ፣ አትጠይቂኝ።

ትርንጎ፦ ብቸናና ደምበጫ ተባብረው የገና ጨዋታ ሰዎቻቸውን ቢልኩ ያልፋሉ ወይስ አያልፉም?

ይበልጣል፦ (ሳቅ) ከሰዎቹ በፊት ዱላቸው ነው የሚመለሰው። የሆኪ ዱላ ውስጡ 51 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀለበት ውስጥ ማለፍ አለበት። ክብደቱ ከ737 ግራም፣ ርዝመቱ ከ105 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ከጫካ ተመርጦ የተቆረጠ ቆልማማ የገና ዱላ እዚያ ቀለበት ላይ ይቀረቀራል።

ትርንጎ፦ ይጠረባላ!

ይበልጣል፦ ቢጠረብም ጣጣው አያልቅም። የሆኪ ዱላ አንዱ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ ሌላው ድቡልቡል። በድቡልቡሉ ኳስ ከነካሽ ወዲያው ፊሽካ ነው። ጠፍጣፋው ደግሞ ለሁሉም ሰው በግራ በኩል ነው። ለግራኝ ተብሎ የተገለበጠ ዱላ አይፈቀድም።

ትርንጎ፦ እንዴዬ! ግራኝስ ምን ይሁን?

ይበልጣል፦ እንደ ቀኝ ሰው ይልመድ፤ ሌላ ምን ይደረጋል።

ትርንጎ፦ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የምንለውስ?

ይበልጣል፦ እዚያ ይቆጣሉ፣ በካርድ። አረንጓዴ 2 ደቂቃ ያስወጣል፣ ቢጫ ቢያንስ 5 ደቂቃ፣ ቀይ እስከ መጨረሻው። ለመሆኑ ስንት ሰው ነው የምትልኪው?

ትርንጎ፦ የመጣው ሁሉ ይግባ። ገና ላይ ማን ይቆጥራል? ላይ ቤት በሞላ ባንድ ወገን፣ ታች ቤት በሞላ ባንድ ወገን።

ይበልጣል፦ ቆይ፣ ይኸ የቆጠራ ነገር አገር አስቀርቷል እኮ። ቀልድ እንዳይመስልሽ። ፓኪስታንን ነው የምልሽ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ አድማጮች እንዳትደናገሩ። ፓኪስታን የወንዶችን ዓለም ዋንጫ 4 ጊዜ በልታለች፤ በ1971፣ በ1978፣ በ1982 እና በ1994። እሷን የሚበልጥ የለም። ይህቺ አገር ለ2023ቱ የዓለም ዋንጫ አላለፈችም።

ትርንጎ፦ በአንድ ሰው ምክንያት እንዳትለኝ።

ይበልጣል፦ በአንድ ትርፍ ሰው! ግንቦት 2022፣ ጃካርታ፣ የእስያ ዋንጫ። ምድቡ ጃፓን፣ ሕንድ፣ ፓኪስታን፣ ኢንዶኔዥያ ነው። ከምድቡ ሁለት ቡድን ወደ አራቱ ይገባል። ሕንድ ደግሞ የዓለም ዋንጫው አስተናጋጅ ስለሆነች ቦታዋ የተያዘ ነው። ከእሷ ሌላ ዓለም ዋንጫ የሚሄደው ሦስት ቡድን ነው፤ አራቱ ውስጥ ያልገባ አለቀለት ማለት ነው። ፓኪስታን ከሕንድ 1 ለ 1 ወጣች። ኢንዶኔዥያን 13 ለ 0 ቀጠቀጠች። ቀጥሎ ከጃፓን ጋር ሲጫወቱ የፓኪስታን ኳስ መረብ ገባች። ተሰረዘች። የሚፈቀደው 11 ነው፤ ሜዳው ላይ ሰው ሲቆጠር 12።

ትርንጎ፦ ውይ! አሥራ ሁለት?

ይበልጣል፦ አሥራ ሁለት። ጨዋታው በጃፓን 3 ለ 2 አሸናፊነት አለቀ። አንድ ጎል ብትጨመር አቻ ነበር፣ ፓኪስታንም በ5 ነጥብ ወደ አራቱ ታልፍ ነበር። አሁን ግን በ4 ነጥብና በ12 ንጹሕ ጎል ቁጭ ብላ ሕንድን መጠበቅ ጀመረች። ሕንድ በጃፓን 5 ለ 2 ተሸንፋለች፣ ከፓኪስታን አቻ ወጥታለች፤ ያላት 1 ነጥብና 3 የጎል ዕዳ ነው። ኢንዶኔዥያን በ15 ጎል ማሸነፍ አለባት።

ትርንጎ፦ አሥራ አምስት ጎል! ማን ያገባል?

ይበልጣል፦ 16 ለ 0።

ትርንጎ፦ ኧረ ወዲያ!

ይበልጣል፦ 16 ለ 0! የሕንድ ልዩነት 13 ሆነ፣ የፓኪስታን 12። በአንዲት ጎል። ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያና ማሌዥያ የዓለም ዋንጫ ቲኬታቸውን ያዙ፣ ባለ 4 ዋንጫዋ ቤቷ ቀረች።

ትርንጎ፦ እሺ፣ ዳኛው ባለበት 12 ሰው እንዴት ሜዳ ይገባል? በገና ቢሆን እሺ።

ይበልጣል፦ የቅያሪው ሥርዓት ነው ጉዱ። በእግር ኳስ ጨዋታ ይቆማል፣ ሰሌዳ ይነሣል፣ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። በሆኪ ጨዋታው አይቆምም። ቅያሪ ገደብ የለውም፤ የወጣ ተመልሶ ይገባል። በመሐል መስመሩ አካባቢ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ ሕጉ የሚለው ወጪው ከሜዳ ሳይወጣ ገቢው እግሩን እንዳያስገባ ነው። ባለ 15 ደቂቃ አራት ክፍለ ጊዜ ነው የሚጫወቱት፤ በሙሉ ጉልበት ስለሚሮጡ አሠልጣኙ ሲያስገባና ሲያስወጣ ነው የሚውለው። ሁለት ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ ሲቀየር አንዱ ወጪ ስሙ መጠራቱን ካልሰማ አለቀ። ቅያሪ የሚከለከለው ፔናልቲ ኮርነር የሚባለው የቅጣት ምት ከተሰጠ በኋላ ነው፣ እስኪጠናቀቅ ድረስ።

ትርንጎ፦ እኔ ግን ገቢውን አይደለም የምወቅሰው፣ ወጪውን ነው።

ይበልጣል፦ እኔ ቆጣሪውን። ወንበር ላይ ተቀምጦ ቅያሪ የሚቆጥር አንድ ሰው መመደብ ምን ያስቸግራል? ዱላ የሚይዝ ሳይሆን የሚቆጥር!

ትርንጎ፦ ለብቸና ቡድን ቆጣሪ ተገኘ በሉ። አያ ይበልጣል፣ ርዕሱ ቀረ እኮ።

ይበልጣል፦ መቼ ቀረ? ማጣሪያ ማለት ይኸ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ፤ በነጥብ እኩል ሲሆኑ ሆኪ በመጀመሪያ የሚያየው የጎል ልዩነት አይደለም። ያሸነፉትን ጨዋታ ብዛት ነው። አንዱ ቡድን አንድ አሸንፎ ሁለት ቢሸነፍ 3 ነጥብ አለው። ሌላው ሦስቱንም አቻ ቢወጣ እሱም 3 አለው። የሚበልጠው ያሸነፈው ነው፣ በጎል ዕዳ ቢንበሸበሽም። ከዚያ ቀጥሎ የጎል ልዩነት፣ ከዚያ ያገቡት ጎል ብዛት፣ ከዚያ እርስ በርስ የተገናኙበት ውጤት። ሕንድና ፓኪስታን አንድ አንድ ስላሸነፉ ነው ወደ ጎል ልዩነት የወረደው።

ትርንጎ፦ ስለዚህ ለአቻ የሚጫወት ቡድን ይጎዳል።

ይበልጣል፦ በጣም ይጎዳል! አሁን ወደ ወንበሮቹ። የዓለም ዋንጫው 16 ቡድን ነው፣ ለወንዶችም ለሴቶችም። የ2026ቱ ነሐሴ ላይ በቤልጂየም ዋቭርና በኔዘርላንድስ አምስተልቬን ነው የተመደበው፤ እኛ ቡሄ ስንጨፍር እነሱ ሆኪ ላይ ናቸው። አስተናጋጆቹ ሁለት ወንበር ይዘዋል። የ5ቱ አህጉራት ሻምፒዮኖች አምስት። ፕሮ ሊግ የሚባለው የታላላቆቹ ሊግ ደግሞ ሁለት፤ የ2023–24 አንድ፣ የ2024–25 አንድ። ስንት ሆነ?

ትርንጎ፦ ዘጠኝ።

ይበልጣል፦ የቀረው ሰባት ነው። እሱን በኋላ እነግርሻለሁ። ሻምፒዮኑ ወይም የሊጉ አሸናፊ አስቀድሞ ያለፈ ከሆነ ወንበሩ ወደ ሚቀጥለው ቡድን ይወርዳል። ኔዘርላንድስን አስቢ፤ አስተናጋጅ ነች፣ ሴቶቿ ደግሞ በ2025 የአውሮጳ ሻምፒዮን ሆኑ። ሁለት ወንበር ላይ አይቀመጡም። ስለዚህ የኔዘርላንድስ ማሸነፍ ከኋላዋ ላለው ቡድን ደስታ ነው።

ትርንጎ፦ አፍሪካ አንድ ቀጥታ ወንበር ብቻ?

ይበልጣል፦ አንድ። ግብፅ፣ ኢስማኢሊያ ላይ በ2025 በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ በሁለቱም ጾታ ደቡብ አፍሪካ ወሰደችው። በ2022 አክራ ላይም እሷው ነበረች።

ትርንጎ፦ ሁልጊዜ እሷው። ግን ለሪዮ ኦሎምፒክ አልሄደችም አይደል?

ይበልጣል፦ እሱን ካነሣሽው አታስጨርሺኝም። ኦሎምፒክ 12 ቡድን ብቻ ነው፣ ለቡድን 16 ተጫዋች። በ2015 የደቡብ አፍሪካ ወንዶችም ሴቶችም አፍሪካን አሸነፉ። ቦታቸውን ያዙ ማለት ነው። የራሳቸው የኦሎምፒክ ኮሚቴ ግን «በአህጉር መንገድ የመጣ አይበቃኝም» አለ። ወንዶቹ ቦታቸውን ለኒውዚላንድ፣ ሴቶቹ ለስፔን ለቀቁ።

ትርንጎ፦ ይኸ ግፍ ነው! በሜዳ አሸንፎ በቢሮ መሸነፍ ምን ይባላል?

ይበልጣል፦ ግፍ ነው አልልም። ኮሚቴው ያለው ከዓለም ጠንካሮች ጋር ተፎካክራችሁ እለፉ ነው። ለሜዳሊያ የማይደርስ ቡድን መላክ ብዙ ያስወጣል።

ትርንጎ፦ ሕጉ በር ከሰጠ በር ነው። አፍሪካን ማሸነፍ ቀላል ነው ያለው ማነው? ከታላላቆቹ ጋር ካልተጫወትክ ደግሞ መቼ ትጠነክራለህ?

ይበልጣል፦ እሱስ እውነት ነው። ለቶኪዮ ጊዜ ኮሚቴው ለዝቦ ሁለቱም ቡድኖች በአፍሪካ መንገድ ሄደዋል።

ትርንጎ፦ እሰይ! ተሸነፍክ።

ይበልጣል፦ አልተሸነፍኩም፣ አቻ ነው። አቻ ደግሞ በሆኪ አያዋጣም ብያለሁ። አሁን የቶኪዮን ማጣሪያ ልንገርሽ፣ ከዚህ የሚበልጥ የለም። ጥቅምት 2019፣ ካናዳና አየርላንድ፣ ወንዶች። ሁለት ጨዋታ በድምር ነው፤ ሁለቱም በአንድ ሜዳ። የማን ሜዳ? በዓለም ደረጃ የሚበልጠው። ካናዳ በጥቂት ደረጃ ስለበለጠች ሁለቱንም ቤቷ ተጫወተች።

ትርንጎ፦ ሁለቱንም? በጥቂት ደረጃ?

ይበልጣል፦ ሁለቱንም። ግን የመጀመሪያውን አየርላንድ 5 ለ 3 አሸነፈች። በሁለተኛው ካናዳ በሁለት ጎል ካላሸነፈች አለቀላት። 2 ለ 1 እየመራች ሰዓቱ አበቃ። አየርላንዶች ቶኪዮ ገባን ብለው ሊጨፍሩ ነው። ካናዳ የቪዲዮ ዳኛ ይይልኝ አለች።

ትርንጎ፦ ሰዓቱ ካለቀ በኋላ?

ይበልጣል፦ ሰዓቱ ሲያልቅ የነበረውን ንክኪ ነው የሚያየው። ቪዲዮው ታየ፣ ፔናልቲ ስትሮክ ተሰጠ። ከጎሉ 6.4 ሜትር ገደማ፣ አንድ መቺ፣ አንድ በረኛ። ገባ! 3 ለ 1፣ በድምር 6 ለ 6። ወደ ሹትአውት ሄዱ። የሆኪ ሹትአውት ቆሞ መምታት አይደለም፤ ከ23 ሜትር መስመር ኳሷን እየነዳሽ ትነሺያለሽ፣ በረኛው ወጥቶ ይገጥምሻል፣ ያለሽ ጊዜ 8 ሰከንድ ነው። ኳሷ ስምንተኛው ሰከንድ ሳያልፍ መስመሩን ማለፍ አለባት። ብዙዎች የሚስቱት በረኛውን አንዴ ካለፉ በኋላ ሁለተኛ ሊያታልሉ ሲሉ ነው፤ ሰከንዱ ያልቅባቸዋል። ካናዳ 5 ለ 4 አሸነፈች።

ትርንጎ፦ ውይ፣ አየርላንዶች! እኔ ብሆን ዱላዬን ጣና እጥለው ነበር።

ይበልጣል፦ ካናዳ ያን የቪዲዮ ጥያቄ ቀደም ብላ አባክናው ቢሆንስ? በከንቱ ጠይቆ የተሸነፈ ቡድን መብቱን ያጣል። ጥያቄን ለመጨረሻ ደቂቃ ማቆየት የማጣሪያ ብልሃት ነው።

ትርንጎ፦ ደረጃው እንዴት ነው የሚሰላው? ሜዳ የሚያሰጥ ከሆነ ዋናው እሱ ነው።

ይበልጣል፦ ከ2020 መጀመሪያ ወዲህ በየጨዋታው ነው የሚሰላው። አሸናፊው የሚያገኘውን ነጥብ ያህል ተሸናፊው ይነጠቃል፤ እህል ከአንዱ ቁና ወደ ሌላው ይገለበጣል እንጂ አዲስ አይጨመርም። ትንሹ ትልቁን ሲያሸንፍ ብዙ ይገለበጣል፤ ትልቁ ትንሹን ሲያሸንፍ ጥቂት። ጨዋታው ከባድ ሲሆን፣ ዓለም ዋንጫ ወይም ኦሎምፒክ ሲሆን፣ ይጨምራል።

ትርንጎ፦ ታዲያ ትንንሾቹ እርስ በርስ ብቻ ከተጫወቱ?

ይበልጣል፦ ያው ትንሿ እህል እዚያው ትዞራለች። ችግሩ እሱ ነው! የፕሮ ሊጉ 9 ቡድኖች ዓመቱን ሙሉ እርስ በርስ ይገናኛሉ፤ ከታች ያለው እነሱን የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። ወደ ሊጉ መግቢያው ከሊጉ በታች ያሉት የሚወዳደሩበትን ኔሽንስ ካፕ ማሸነፍ ነው፤ መግባት ደግሞ ከአህጉር አህጉር የአውሮፕላን ቲኬት ነው። ደቡብ አፍሪካ ወንዶች የ2022ቱን ኔሽንስ ካፕ በቤታቸው ፖቸፍስትሩም ላይ አሸንፈው ወደ ሊጉ አልወጡም።

ትርንጎ፦ እንደገና ደቡብ አፍሪካ! እነዚህ ሰዎች ማሸነፍ ነው ሥራቸው፣ መሄድ አይደለም።

ይበልጣል፦ (ሳቅ) እሱን አልመልስም።

ትርንጎ፦ ሰባቱ ወንበሮችስ? በኋላ ብለሃል።

ይበልጣል፦ አዎ። ሁለት የማጣሪያ ውድድር ነው፣ በእያንዳንዱ 8 ቡድን። የወንዶቹ ኢስማኢሊያና ሳንቲያጎ ላይ ነው የተመደቡት። ከየውድድሩ ሦስት ሦስት ያልፋል፣ ስድስት ሆነ። ሰባተኛው ወንበር አራተኛ ከወጡት ከሁለቱ በደረጃ ለሚበልጠው ነው።

ትርንጎ፦ ስለዚህ ግማሽ ፍጻሜ ተሸንፈህም ተስፋ አለህ።

ይበልጣል፦ ሁለት ተስፋ። የሦስተኛ ደረጃው ጨዋታ በሌላ ውድድር የማይረባ ይመስላል፤ እዚህ ከፍጻሜው ይከብዳል። ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱ አልፈዋል፣ የሚጫወቱት ለስም ነው። የሦስተኛው ግን ያሸነፈ ይሄዳል፣ የተሸነፈ ደግሞ የሌላውን ከተማ አራተኛ ደረጃ ያያል። ለዚህ ነው ልባም አሠልጣኝ በግማሽ ፍጻሜው ቀይ ካርዱን የሚፈራው፤ ቀይ ያየ ተጫዋች ቀጣዩ ላይ አይሰለፍም።

ትርንጎ፦ የብቸናና የደምበጫ ቡድን አራተኛ ቢወጣስ?

ይበልጣል፦ ደረጃ የለውማ! ደረጃ የሌለው ደግሞ ሦስተኛ መውጣት አለበት።

ትርንጎ፦ በቃ ሦስተኛ ይወጣል። ከ11 ሰው ጋር፣ ቆጣሪውን ጨምሮ 12።

ይበልጣል፦ ቆጣሪው ሜዳ አይግባ እንጂ!