ካያንደር ያልገዛው መድፍ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። የሳውናውን ታሪክ እንደምቀጥል ቃል ገብቼ ነበር፤ ይቆየን። ዛሬ ሌላ ነገር ነው ሆዴ ገብቶ አልወጣም ያለኝ።

ካያንደር ነው። አይሞ ካያንደር፣ የፊንላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው። ነሐሴ 1939 ላይ አንድ ንግግር አደረገ። ዓመቱንም ወሩንም ቀኑንም ዛሬ ሁሉንም በፈረንጅ ነው የምጠራው። ሶቭየቶች ሊመጡ አራት ወር እንኳ አልቀራቸውም። እና ምን አለ መሰላችሁ? ገንዘባችንን መጋዘን ውስጥ ዝጎ ለሚቀር መሣሪያ አላፈሰስነውም፣ በዚህም ደስተኞች ነን አለ። ቃል በቃል አይደለም የምነግራችሁ፣ ሐሳቡ ግን ይኸው ነው። ለሕዝቡ ኑሮ አዋልነው ማለቱ ነው።

ኅዳር 30 ሄልሲንኪ በቦምብ ተደበደበች።

ይሄን ሳነብ ደሜ ነው የፈላው። ምክንያቱም ጄኔራሉ ማነርሃይም ከ1931 ጀምሮ የመከላከያ ምክር ቤቱ ሊቀመንበር ሆኖ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲለምን ነበር። መድፍ ስጡኝ፣ ጥይት ስጡኝ፣ ታንክ መምቻ ስጡኝ። በሰላም ጊዜ የትንሽ አገር ጦር መምራት ለካ አብዛኛው ልመና ነው። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከፊቱ የተቀመጠው የገንዘብ ሚኒስትሩ ቫይኖ ታነር ነው፣ ኪሱን የማይፈታ ሰው። የ1940 ኦሎምፒክ ደግሞ እዚሁ ሄልሲንኪ ሊደረግ ነበር። ስታዲየሙ በ1938 አለቀ። መድፉ ግን አልመጣም። ማነርሃይም በ1939 በጋ ላይ በቃኝ ብሎ መልቀቂያ አስገባ፤ ለምነው ነው የመለሱት።

ጦርነቱ ሲመጣ ብዙ ወታደር የደረሰው ጠመንጃ፣ ቀበቶና ቆብ ላይ የሚለጠፍ ምልክት ነው። ሌላውን ከቤቱ ለብሶ መጣ። እስከ ዛሬ ያንን አለባበስ የካያንደር ሞዴል ይሉታል። ከመድፎቹ መሀል የ1877 ስሪት ነበሩበት። ሲተኮሱ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ የሚንሸራተቱ፣ በየተኩሱ ገፍተህ የምትመልሳቸው። ለታንክ ደግሞ ጠርሙስ ነው፤ ራያማኪ ያለው የመንግሥት የአልኮል ፋብሪካ ነው በብዛት የሞላላቸው።

እና ይሄን ሁሉ ለልጄ እየነገርኩት ነበር። እራት ላይ ነን። የውትድርና ጥሪው ደብዳቤ መጥቶለታል፤ ዘንድሮ 18 እንደሚሞላው ታውቃላችሁ። እኔ ደህና አድርጌ ተቆጥቻለሁ፣ እጄን ሁሉ እያወናጨፍኩ። እሱ ዝም ብሎ ይበላል። ከዚያ ቀና እንኳን ሳይል፣ «አባዬ፣ ታዲያ ገንዘቡ የት ገባ?» አለኝ።

ለድሃው፣ ለመሬት፣ ለትምህርት ቤት አልኩት።

«እና መሬት ያገኙት ሰዎች ተዋጉ?»

አዎ፣ ተዋጉ።

«እሺ» አለና እንጀራ ጨመረ። በቃ፣ ሌላ አልተናገረም። እኔ ግን እጄ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

ደጋግሜ የማስበው ያቺን «እሺ» ነው። ተስማማልኝ ማለት ነው? ወይስ መልሱን ራስህ ተናገርከው ማለቱ ነው?

እስቲ አስቡት። በ1918 እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ ተላልቀዋል። ቀይና ነጭ ተባብለው፤ ቀዮቹ የሠራተኛው፣ ነጮቹ የመንግሥቱ ወገን። ያኔ ሕዝቡ 3 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ እስር ቤት በረሃብና በበሽታ ያለቀውን ጨምሮ 38 ሺህ ያህል ሰው ሞተ። ነጮቹን የመራው ደግሞ ይኸው ማነርሃይም ነው። የቀዮቹ ልጆች ይጠሉት ነበር፣ አይፈረድባቸውም። ያን ጦር ነው እንግዲህ አንድ አድርገህ ምራ የተባለው። ግማሹ ወታደር የሌላውን ግማሽ አባት ገዳይ ነው ብሎ የሚያስብበትን ጦር።

ከዚያስ ምን ሆነ? በዚያው በ1918 ጭሰኛው የሚያርሰውን መሬት መግዛት የሚችልበት ሕግ ወጣ። በ1922 ደግሞ ካሊዮ፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ መሬት የሌለው ሰው መሬት የሚያገኝበትን ሕግ አመጣ። በ1933 ማነርሃይም ራሱ፣ ከ15 ዓመት በፊት ማን የት እንደነበረ ከእንግዲህ አንጠይቅም አለ። ይሄን ከእሱ አፍ መስማት ቀላል ነገር አይደለም።

ስታሊን ጦርነቱ በተጀመረ ማግስት ኩውሲነን የሚባለውን የፊንላንድ ኮሚኒስት ድንበር ላይ መንግሥት ብሎ አስቀመጠው። ሠራተኛው ተነስቶ ይቀላቀላል ብለው ነበር። ማን ተቀላቀለ? የቀዮቹ ልጆች በረዶ ውስጥ ተኝተው ለፊንላንድ ተዋጉ። 105 ቀን።

ስለዚህ ካያንደር ልክ ነበር ልል እደርሳለሁ። ማለት... መሬቱ ነው ጦሩን የሠራው ልል። ግን ደግሞ 25 ሺህ ሰው ሞተ። ቪፑሪ የምትባለው ከተማ ለሶቭየቶች ሄደች። ከ400 ሺህ በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። መቶ፣ ሁለት መቶ ታንክ መምቻ መድፍ ቢጨመር ስንቱ ይተርፍ ነበር? መሬት ታንክ አያቆምም። ያ ስታዲየም አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ይሄን ሳላስብ አላልፍም።

ሌላም ነገር አለ። በ1934 የክተት አሠራራቸውን ቀየሩት፤ የአንድ አካባቢ ሰው አብሮ ይዘምታል። ብዙ ገንዘብ አይፈልግም፣ ብልህ ነገር ነው። ጎረቤትህ አጠገብህ ስላለ አትሸሽም። ግን አንድ ክፉ ቀን ሲመጣ የአንድ መንደር ወንድ ባንዴ ያልቃል። ሬሳውን ደግሞ ወደየቀዬው ይመልሱት ነበር፤ ገጠር ሄዳችሁ የትኛውም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ብትገቡ ሰልፍ የያዘ መቃብር ታያላችሁ። አንዳንዱ ጋ ያው የቤተሰብ ስም ይደጋገማል። ልጄ በትምህርት ቤት ጉዞ አይቶታል። እኔ ያሳየሁት አይደለም።

የእኛን አገር አላነሳም ብዬ ነበር፣ አልቻልኩም። ማነርሃይም ከ1922 ጀምሮ የፊንላንድ ቀይ መስቀልም ሊቀመንበር ነበር። ጣሊያን ሲወረን የፊንላንድ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ልኮልናል። መሪያቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፋልቲን የሚባሉ ቀዶ ሐኪም ናቸው። ያኔ ስልሳዎቹን ሊያገባድዱ ነበር፣ ሽማግሌ። የእኛን ቁስለኛ ሊያክሙ መጡ። እግዜር ይስጣቸው። እኚያ ሰውዬ ያዩት ወታደር ስንቁንም ልብሱንም ከቤቱ ይዞ የመጣ ነው። የካያንደር ሞዴል እኛ ጋ የቆየ ነገር ነው ማለት ነው።

ግን የእኛ ገባር መሬት የተሰጠው ሰው አልነበረም። ወታደሩ ራሱ የሚኖረው በእሱ ጉልበት ነበር። እና ገባሩም ተዋጋ። ይሄ ነው ሐሳቤን የሚያፈርስብኝ። መሬት ስለሰጡት ነው የተዋጋው ካልኩ፣ ያልሰጡት ለምን ተዋጋ? ማይጨው ላይ ለምን ሞተ? አያቴን መጠየቅ የነበረብኝ ይሄንን... ተውት፣ እዚያ አልገባም ዛሬ።

ባለቤቴ ሲቪል አገልግሎት ይሂድ ትላለች፣ 347 ቀን ነው። ውትድርናው ባጭሩ 165 ነው። እሱ ገና አልወሰነም። እኔም ምን እንዲወስን እንደምፈልግ... አንዳንድ ቀን ዩኒፎርም ለብሶ ሳስበው እኮራለሁ። በማግስቱ ዜና ሰምቼ ሆዴ ይገለበጣል። ድንበሩ ያው ድንበር ነው።

ቆይ፣ የታነርን ነገር አልጨረስኩም። ያ ገንዘብ የከለከለው ሰውዬ ጦርነቱ በተጀመረ ሰሞን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ። ሰላሙን መፈለግም በእሱ ላይ ወደቀ። በ1946 ደግሞ ከዚህኛው በኋላ፣ በ1941 ከሶቭየቶች ጋር ለተጀመረው ሌላ ጦርነት ተጠያቂ ናችሁ ተብለው ከተፈረደባቸው አንዱ እሱ ነው፣ ታሰረ። በጀት የከለከለው ሰው! ማነርሃይም ግን ያኔ... እሱ ፕሬዚዳንት ሆኖ ነበር፣ እሱን ማንም አልነካውም። እና ይሄ ፍትሕ ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ እኔ እንጃ፣ ምክንያቱም ታነር ራሱ...