ጥቅምት ላይ የሚጠፉ ልጆች

(በጅማ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ በጡረታ ላይ ያሉ የሒሳብ መምህር ያቀረቡት ንግግር፣ ጥቅምት 2018)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) አባላት፣ ወንበር አጥታችሁ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች።

አካም ጅርቱ። አሰላሙ አለይኩም። ጤና ይስጥልኝ።

እኛ ከተማ ሰላምታው በየቋንቋው ካልተዳረሰ ንግግር አይጀመርም። ለርዕሰ መምህሩ "ቡና እስኪፈላ ያህል ብቻ ነው የምናገረው" ብያቸዋለሁ። የጅማ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ እስኪያልቅ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ግን እናንተም ታውቃላችሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

የተሰጠኝ ርዕስ "የልጅን ውጤት የሚወስነው ትምህርት ቤት ነው፣ ወላጅ ነው ወይስ የልጁ አመለካከት?" የሚል ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት ከወጣ ወዲህ በየቤቱም በየባጃጁም የሚወራው ይኸው ነው። ወላጅ መምህሩን ይወቅሳል። መምህሩ ወላጁን ይወቅሳል። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገናኙ ደግሞ ይተፋፈሩና ተስማምተው ልጁን ይወቅሳሉ። "የዘንድሮ ልጅ! ስልክ ነው፣ ቲክቶክ ነው፣ ጫት ነው!" ልጁ መልስ የሚሰጥበት ስብሰባ የለውም።

እኔ 34 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብ። ስለዚህ ከቁጥር ልነሳ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 ወደ 5.4 ከፍ አለ። በ2017 8.4 ደረሰ። እየጨመረ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ከመቶ ልጆች ከ90 የሚበልጡት አሁንም ከግማሽ በታች ናቸው። በ2015 ብቻ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር እስቲ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ እዩዋት። ሰነፍ ልጅ አለ። እኔም አስተምሬዋለሁ፣ ምናልባት እኔ ራሴም ነበርኩ። ግን ሙሉ ትምህርት ቤት፣ ከመጀመሪያው ወንበር እስከ መጨረሻው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሰነፍ ሊሆን አይችልም። ከእነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ጎበዝ ልጅ አልጠፋም። ልጇን በሌሊት ቀስቅሳ የምታስጠና እናት አልጠፋችም። አመለካከት ብቻውን የሚያሳልፍ ቢሆን ኖሮ ከየትምህርት ቤቱ ቢያንስ አንድ አንድ ልጅ ሾልኮ ይወጣ ነበር።

"ታዲያ ያስፈተኗቸውን በሙሉ የሚያሳልፉትስ?" ትሉኝ ይሆናል። አሉ፣ ጥቂት ናቸው። ከእነሱ መካከል አዳሪ ትምህርት ቤቶች አሉ። እነዚህ ተማሪዎቻቸውን በመግቢያ ፈተና መርጠው ነው የሚያስገቡት። ከለቀማው ቀዩን ብቻ መርጦ "የእኔ ቡና ጥሩ ነው" እንደማለት ነው። ጥሩ መሆኑን አልክድም። አረንጓዴውን ማን ያብስለው ነው ጥያቄው።

ይህ ክርክር በሌላውም አገር የቆየ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ጄምስ ኮልማን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ከ600 ሺህ በላይ ተማሪዎችን አጠና። ያገኘው ነገር ብዙ ሰው አስደነገጠ። የልጁ ውጤት ከትምህርት ቤቱ በጀትና ቁሳቁስ ይልቅ ከቤተሰቡ ሁኔታ ጋር ይሄዳል አለ። ከዚያ በኋላ "ሁሉም ያለው ቤት ውስጥ ነው" የሚለው አባባል ዓለምን ዞረ። እኛም ጋ ደረሰ። በየስልጠናው ሰምተነዋል።

ግን የአሜሪካ ቤት የእኛ ቤት አይደለም። በ1983 እ.ኤ.አ. ሄይነማንና ሎክስሌ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 29 ሀብታምና ድሃ አገሮችን አወዳደሩ። አገሩ ድሃ በሆነ ቁጥር የትምህርት ቤቱና የመምህሩ ድርሻ ከፍ ይላል አሉ። ከዚያ ወዲህ የተከራከሯቸው አሉ። እኔ ግን ክፍል ውስጥ ያየሁት ከእነሱ ጋር ይገጥማል። መጽሐፍ ቤቱ ያለ ልጅ መምህሩ ቢቀር እንኳ የሚያነበው አያጣም። ቤቱ መጽሐፍ የሌለው ልጅ ግን መምህሩ የቀረ ቀን ያ ቀን ጠፋ ማለት ነው። የሚተካለት የለም።

አሁን አንድ ልጅ ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። ዛሬ ትልቅ ሰው ነው፣ ምናልባት እዚሁ ተቀምጦ ይሆናል።

ከከተማው ወጣ ባለ ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል ነበር የማስተምረው። የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አይጠይቅም። ስጠራው ይስቃል። ጎረምሳ የማያውቀውን ነገር ሲጠየቅ ይስቃል፤ ይህን ያወቅኩት ግን ቆይቶ ነው። ያኔ ንቀት መስሎኝ ካርዱ ላይ "ትኩረት ይጎድለዋል" ብዬ ጻፍኩ። መምህራን ይህችን ቃል ታውቋታላችሁ። ሲደክመን የምንጽፋት ናት።

አባቱ ካርዱን ይዞ መጣ። ጣቶቹ ቡና ለቀማ ያጠቆራቸው ገበሬ ነው። ሳይቀመጥ "የኔታ፣ ልጄ ደደብ ነው ወይ?" አለኝ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ በቀጥታ ሲመጣ ያስደነግጣል። "ኧረ አይደለም፣ ትንሽ ቢጥር..." ብዬ አድበሰበስኩ። አመስግኖኝ ሄደ። ያ ምስጋናው ነው ያሳፈረኝ።

ማታውን የድሮ ስም መጥሪያዎችን አገላበጥኩ። 4ኛ ክፍል። 5ኛ ክፍል። 6ኛ ክፍል። በሦስቱም ዓመት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ የቀሪ ምልክት ተደርድሯል። ቡናው ቀይ ሲሆን ቤተሰቡ በሙሉ ለቀማ ይወጣል። መጽሐፉ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። እነዚያ ሳምንታት ላይ ክፍሉ ክፍልፋይ ይማር ነበር። በየዓመቱ ክፍልፋይ ሲመጣ እሱ ቡና ሥር ነው። ክፍልፋይ ያላወቀ ልጅ ፐርሰንት አይገባውም። ሬሾ አይገባውም። 7ኛ ክፍል ሲደርስ እኔ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ለእሱ የጠንቋይ ክታብ ነው።

የሚገርመው ሩብ ምን እንደሆነ ያውቃል። የእሸት ቡና ሚዛን ላይ ነጋዴው ሩብ ኪሎ ሲያጭበረብረው ከሩቅ ነው የሚያውቀው። ሰሌዳው ላይ አንድ ጽፌ፣ ከሥሩ መስመር ሰምሬ፣ ከመስመሩ ሥር አራት ስጽፍ ነው የማያውቀው። ያቺ መስመር ሚዛኑ መሆኗን የነገረው የለም።

ከክፍል በኋላ እያስቀረሁ በሚዛን አስተማርኩት። ሁለት ወር ያህል ፈጀ። አንድ ቀን ሳልጠራው እጁን አወጣ። መልሱ ስህተት ነበር። ግን እጁን አወጣ! አመለካከቱ የተቀየረው ያኔ ነው። እኔ "ትችላለህ" ስላልኩት አይደለም። ያንንማ በየቀኑ እላለሁ፤ ግድግዳውም ላይ በትልቁ ተጽፏል። የተቀየረው ትንሽ ነገር ስለቻለ ነው።

እና ዶክተር ሆነ? አልሆነም። 8ኛን አለፈ፣ 10ኛ ላይ አቆመ። አሁን ቡና ይነግዳል፣ ሂሳቡን ራሱ ይይዛል። 4ኛ ክፍል ላይ አንድ ሰው ይዞት ቢሆን የት ይደርስ እንደነበር አሁንም አስባለሁ።

ስለ አመለካከት ብዙ ይባላል። ካሮል ድዌክ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ "ጭንቅላት በጥረት ያድጋል ብሎ የሚያምን ልጅ ይሻላል" አለች። ሐሳቡ ጥሩ ነው። በኋላ ግን በርካታ ጥናቶች ተሰብስበው በ2018 እ.ኤ.አ. ሲታዩ በአማካይ ያመጣው ለውጥ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። እኔ አልገረመኝም። ክፍልፋይ ላልተማረ ልጅ ስለ ጭንቅላት ብታወራለት የሚይዘው ነገር ያጣል።

እዚህ ላይ አባቶቻችንን ላንሳ። ጅማ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የቁርዓን ትምህርት የሚታወቅባት አገር ናት። ቁርዓን ቤት ያለ ልጅ ሉሁ፣ ማለትም የእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን እስኪያውቀው ድረስ አይታጠብለትም፤ ሌላ አይጻፍለትም። የቄስ ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ሀሁ ያልለየ አቡጊዳ አይገባም፤ ንባብ ያልጠናለት ዳዊት አይሰጠውም። ጓደኛው ቀድሞት ይሄዳል፣ እሱ እዚያው ይቆያል። አለንጋውን እያወደስኩ አይደለም። አለንጋው ይቅር። ግን የኔታ ልጁ የት ላይ እንደቆመ ያውቃሉ። እኛ ግን ከታች ክፍል ጀምሮ እያሳለፍን፣ ቆይቶ 12ኛ ክፍል ላይ "ለካ አያውቅም" እንላለን። ህንድ ውስጥ ልጆችን በዕድሜና በክፍል ሳይሆን በሚያውቁት ልክ ቡድን እየሠሩ ማንበብና ስሌት የሚያስተምሩ አሉ፤ ጥሩ ውጤትም አይተውበታል። እኛ ቤት የነበረ ነገር ነው እኮ!

ወላጆች፣ እናንተን የማልፋችሁ እንዳይመስላችሁ።

እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ገበያ እየወጣች ጨውና በርበሬ ትቸረችር ነበር። ቤታችን መብራት የለም። በሳምንት አንድ ጠርሙስ ላምባ ትገዛለች። ማታ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ኩራዙ እኔ ጋ ነው። እነሱ በምድጃው ፍም ይጠጣሉ። አንዷ ጎረቤት አንድ ቀን "ኩራዙን ወደዚህ አምጪው እንጂ፣ ሲኒው አልታየኝም" አለቻት። እናቴ "ላምባው የሱ ነው" አለች። በቃ። ስለ ትምህርት ጥቅም አንድም ቀን መክራኝ አታውቅም። እኔ ግን ያንን ላምባ አቃጥዬ ባዶ እጄን መነሳት አልቻልኩም።

ዛሬ መብራት አለ፣ ይጠፋል እንጂ። ላምባው ሌላ ነገር ሆኗል። ማታ አንድ ሰዓት ቴሌቪዥኑን መዝጋት ነው። ልጅቷን ከእንጀራ ምጣድና ከውኃ መቅዳት አንድ ሰዓት ማስፈታት ነው። ወንዱ ሲያጠና እሷ ሳህን የምታጥብ ከሆነ "ልጄ ሰነፍ ናት" ለማለት አፋችሁን አትክፈቱ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ መናገሩ ቢከብድም ልናገረው። ግንቦት 2008 የፈተናው ጥያቄ አስቀድሞ ወጥቶ ፈተናው መሰረዙን ታስታውሳላችሁ። በእነዚያ ዓመታት መልስ ለመግዛት ገንዘብ ያዋጣ ወላጅ አውቃለሁ። ለልጁ አስቦ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ልጁ ምን ሰማ? "አባቴ እንደማልችል ያውቃል" ነው የሰማው። ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት አመለካከት ትጠብቃላችሁ? ጫቱም እንደዚያው ነው። ከትምህርት ቤት አጠገብ ጫት ቤት የከፈተው ልጅ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ዛሬው ጉዳይ ልምጣ። ቡናው ደርሷል። ከዚህ አዳራሽ ልጆች መካከል በሚቀጥለው ሳምንት የሚቀሩ እንዳሉ አውቃለሁ። አትላኳቸው አልልም። ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛው በዚያው ገንዘብ ነው። የምለው ግን መምህሩ ይወቅ። ልጁ የት ላይ አቁሞ እንደሄደ ይጻፍ። ሲመለስ ከዚያው እንዲቀጥል ነው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ እያወጣ በማስተማር የታወቀ ነው። ከዚያ የሚመጡ ጥቂት ልጆች በፈቃዳቸው ሊያግዙኝ ተስማምተዋል። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት እዚሁ 4 ቁጥር ክፍል እንገኛለን። ክፍያ የለውም። መምህራንም ዘንድሮ "ትኩረት ይጎድለዋል" ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ስም መጥሪያውን አንድ ጊዜ ግለጡልኝ።

ለቀማ የሚሄድ ልጅ ያላችሁ ስሙንና ክፍሉን በሩ ጋ ለተቀመጠችው ጸሐፊ አስመዝግቡ። ማፈር የለም። የ4ኛ ክፍል ልጆች ያላችሁ ደግሞ ቅድሚያ ተሰለፉ። ሚዛኑን እኔ አመጣለሁ።

አመሰግናለሁ። ገለቶማ።