«ማሽን ትጠግናለህ?» ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ከወፍጮ ቤት ሲታይ

(ምስል፦ ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ። በሩ ዱቄት የለበሰ ወፍጮ ቤት።)

«ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ደረሰኝ» ስትሉ ቤት የሚጠብቃችሁ ጥያቄ ይታወቃል። «እሱ ደግሞ ምንድን ነው? ማሽን መጠገን ነው?» ሲቪል ቢሆን ሕንፃ ይታያቸዋል። ኤሌክትሪካል ቢሆን የተበላሸውን ሶኬት ያሳዩዋችኋል። ለዚህኛው ግን «ያው ፋብሪካ ነገር ነው» ብላችሁ ታልፋላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

እስቲ ወፍጮ ቤቱን እንየው።

(ምስል፦ ሰልፍ፣ ሚዛን፣ አንድ ልጅ።)

ይህ ልጅ ጤፉን ይመዝናል፣ ሒሳብ ይቀበላል፣ መልስ ሲያጣ ደግሞ ዝርዝር ፍለጋ ሱቅ ይሮጣል። እስኪመለስ ወፍጮው ባዶውን ይጮኻል። ከሰልፉ አንዷ እናት «ኧረ ልጄ፣ ዛሬ ሳላቦካ ልቀር ነው!» ይላሉ። ባለቤቱ ሰልፉን አይቶ ሁለተኛ ወፍጮ ሊገዛ ያስባል።

ቢገዛ ምን ይሆናል? ሁለት ወፍጮ ባዶውን ይጮኻል። ማነቆው ያለው ሚዛኑና ሒሳቡ ጋ ነዋ! ጠዋት ዝርዝር ብር ማዘጋጀትና ሒሳቡን ለሌላ ሰው መስጠት ይበቃል። ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ይኸው ነው፤ ሥራው የት እንደሚታነቅ አይቶ ማስተካከል።

በቁጥር እንየው። በሰዓት 12 ሰው ይመጣል እንበል፤ እያንዳንዱም 30 ደቂቃ ይቆያል። ግማሽ ሰዓት በ12 ሲባዛ፣ በአማካይ 6 ሰው ሁልጊዜ ውስጥ አለ ማለት ነው። ቆይታው ወደ 10 ደቂቃ ቢወርድ 2 ሰው ብቻ ይቀራል። ይህ የሊትል ሕግ ይባላል፤ ጆን ሊትል በ1961 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ያረጋገጠው ነው። ለሆስፒታል ካርድ ክፍልም፣ ለባንክ ወረፋም ያው ነው።

(ምስል፦ ግንበኛ ጡብ ሲደረድር።)

ሙያው ሲጀመርም ነገሩ ይኸው ነበር። አሜሪካዊው ፍራንክ ጊልብሬዝ ግንበኞችን ቆሞ አየ። ጡብ ለማንሳት በየጊዜው ጎንበስ ይላሉ። ጡቡን ከፍ አድርጎ አቀረበላቸው፤ አንድ ጡብ ለማኖር ይወስድ የነበረውን 18 እንቅስቃሴ ወደ 5 ገደማ አወረደው።

ትምህርቱ እኛ አገር አምስት ዓመት ይፈጃል። ስታትስቲክስ አለ፣ ኦፕሬሽንስ ሪሰርች (የተሻለውን ውሳኔ በሒሳብ መፈለግ) አለ፣ የጥራት ቁጥጥር፣ የምርት ዕቅድ፣ የፋብሪካ አቀማመጥ። ሒሳብ የሚሸሽ ሰው ቢያስብበት ይሻላል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መውጫ ፈተናም አለ።

ከሁሉም እኔን ያስተማረኝ ኢንተርንሺፕ (የተግባር ልምምድ) ነው። አንድ ፋብሪካ ገባሁና ሁለት ሳምንት ፎቶ ኮፒ ሳነሳ ከረምኩ። በሦስተኛው ስልኬን አውጥቼ የሠራተኞችን ሰዓት መያዝ ጀመርኩ። ወዲያው ሁሉም ቀስ አለ! ሰው ሊያስባርር የመጣ መስዬያቸው ነበር። አብሬያቸው ሻይ ጠጥቼ፣ የምለካው ሥራውን እንጂ እነሱን አለመሆኑን ካስረዳሁ በኋላ ነው ትክክለኛው ቁጥር የመጣው። ይህን መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም።

ሥራውስ?

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጎንደር ውስጥ ትልልቅ ፋብሪካ በጣት የሚቆጠር ነው። ዳሽን ቢራን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከዚያ ወዲያ ብዙው ተመራቂ ሻንጣውን ይዞ ወደ ኮምቦልቻ፣ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ይወርዳል። በ2011 እ.ኤ.አ. የካይዘን ኢንስቲትዩት ተብሎ የተቋቋመው መሥሪያ ቤትም ከዚሁ ሙያ ጋር የተያያዘ ነው፤ ካይዘን ሥራን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ ነው። ማስታወቂያ ስታዩ «ኢንዱስትሪያል ኢንጂነር» የሚለውን ብቻ አትፈልጉ። የምርት ዕቅድ፣ ጥራት ቁጥጥር፣ ሎጂስቲክስ፣ ግዥ፣ የሥራ ደህንነት የሚሉትም የእናንተ ናቸው። ከመካኒካል ተመራቂ ጋር መጋፋታችሁ ግን አይቀርም።

(ምስል፦ ልጁ ዝርዝር ይዞ ሲመለስ።)

ለቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ታዲያ ዲግሪውን ብቻ ይዛችሁ አትግቡ። አንድ ቅዳሜ ወፍጮ ቤት ቁሙ፣ የ20 ሰው ቆይታ መዝግቡ፣ ጊዜው የት እንደጠፋ በአንድ ገጽ ጻፉ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ነው ታዲያ።