ቀፎ ሰቃዩና ገመዱ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮች። የዛሬው ሐሳቤ ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፎ ስለሚሰቅሉ የወሎ ገበሬዎች ነው።

በእኛ አካባቢ ብዙው ንብ አናቢ ቀፎውን የሚያኖረው ጓሮው ውስጥ ሲሆን፣ ዛፍ የሚወጣው መንጋ ለማጥመድ ነው። ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ሲፈነዳ ታጥኖ የተዘጋጀ ባዶ ቀፎ ዋንዛ ወይም ግራር ላይ ይሰቀላል፤ መንጋው ገብቶ ከረጋ በኋላ ደግሞ ንቦቹ ተሰብስበው በሚያድሩበት ጨለማ ይወርዳል። ባዶውን በብርሃን የሰቀለው ሰው የከበደውን የሚያወርደው ቅርንጫፉን በእጁ እየዳሰሰ ነው። አንዲት ንብ ዐይኑ ሥር ብትነድፈው እጁ ሳያዝዘው ወደ ፊቱ ይሄዳል፤ ግንዱን ይዞ የነበረው ግን ያው እጅ ነው።

በአሜሪካ ዛፍ ላይ በተሰቀለ መቀመጫ ሆነው አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ይህን አደጋ ጠንቅቀው ያውቁታል። ብዙዎቹ የሚወድቁት ሲወጡ፣ ሲወርዱና ከመሰላል ወደ መቀመጫው ሲሻገሩ ስለሆነ፣ ከግንዱ አናት እስከ ግርጌ ገመድ ዘርግተው፣ በእጅ ሲገፋ የሚንሸራተት በድንገት ሲጎተት ግን የሚነክስ ቋጠሮ ያስሩበታል፤ እግራቸው መሬት ሳይለቅም ቀበቶአቸውን ከእሱ ጋር ያያይዛሉ። የእኛም ሰው ቀፎውን በቀን ሲሰቅል በግንዱ ዙሪያ በዞረ ጠፍር ታስሮ ቢወጣና ገመዱን ዘርግቶ ቢወርድ፣ ለሌሊቱ ፈትሾ ይጠቀምበታል።

ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ገመድ ግን አይበቃም፤ የሚወድቀውን ሰው ሆዱንና የጎድን አጥንቱን ይጎዳዋል፣ ተገልብጦም ሊሾልክ ይችላል። የሚያስፈልገው የሕንፃ ሠራተኞች የሚታጠቁት፣ ትከሻንና ሁለቱን ጭኖች የሚይዘው ሴፍቲ ቤልት ነው። ዋጋው ለአንድ ቤት ይከብዳል፤ ነገር ግን ቅሬያችን (እድራችን) ድንኳኑንና ድስቱን በጋራ እንደሚገዛው ሁሉ ይህንንም ሊገዛ ይችላል ብዬ አምናለሁ። አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው የያዘ ቤልት ግን፣ ስፌቱ ደህና ቢመስልም፣ ዳግመኛ ሊታጠቁት አይገባም።

ማንም ብቻውን አይውጣ። ቤልቱ ላይ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው ማሰሪያው ጭኑን ስለሚጫነው ደሙ እግሩ ላይ ይከማችና በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። እስኪደርሱለት እግሩን እያንቀሳቀሰ፣ ቢቻል የገመድ ቀለበት ረግጦ መቆም አለበት፤ ከሥር የሚጠብቀው ሰውም መሰላሉን ከዛፉ ሥር አስቀድሞ ያቁም።