ስንት ደቂቃ አለን?

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን በደህና ተገናኘን። ዛሬ የማወራው ስለ ዲስፓቸሮች ነው፤ መሬት ላይ ሆነው በረራን የሚያቅዱ የአየር መንገድ ባለሙያዎች ናቸው። ምን ያህል ነዳጅ እንደሚጫን የሚያሰሉት፣ አውሮፕላኑ ከተነሳም በኋላ እስኪያርፍ የሚከታተሉት እነሱ ናቸው።

«ታንኩን ሞልቶ መሄድ አይሻልም ወይ?» የሚል ብዙ ነው። ነዳጅ ራሱ ክብደት ነው። በትርፍ ከተጫነው ላይ በየሰዓቱ 3 በመቶ ገደማ እሱኑ ለመሸከም ይቃጠላል። በረራው አጭር ከሆነ ደግሞ አውሮፕላኑ ለማረፍ ከተፈቀደለት ክብደት በላይ ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኪሎ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቦይንግ 737-800 የሚያህል አውሮፕላን፣ የ3 ሰዓት በረራ እንበል። ቁጥሮቹን ለምሳሌ አጠጋግቻቸዋለሁ። ከመቆሚያው እስከ መንደርደሪያው 200 ኪሎ፤ ለጉዞው 7,500። ነፋሱ ከትንበያው ቢለይ ወይም የተጠየቀው ከፍታ ባይፈቀድ ተብሎ የጉዞው 5 በመቶ፣ 375 ኪሎ ይጨመራል፤ ኮንቲንጀንሲ የሚሉት ይህን ነው። መድረሻው ላይ ማረፍ ካልተቻለ ተለዋጭ ማረፊያው ድረስ 1,300። ከሁሉም በታች ፋይናል ሪዘርቭ አለ፦ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ለጄት የ30 ደቂቃ ነዳጅ ነው፣ ከማረፊያው 1,500 ጫማ ከፍ ብሎ ለመዞር የሚበቃ። 1,150 ኪሎ እንበለው። ድምሩ 10,525 ይመጣል።

እስከዚህ ድረስ ኮምፒውተሩም ይደምረዋል። የዲስፓቸሩ ብስለት የሚታየው መዘግየቱን ሲገምት ነው። በሰዓት 40 አውሮፕላን የሚያሳርፍ ኤርፖርት በጭጋግ ምክንያት 25 ብቻ ማሳረፍ ቻለ እንበል፤ የሚመጡት ግን ያው 40 ናቸው። በአንድ ሰዓት ውስጥ 15 አውሮፕላን ይጠራቀማል፤ መጨረሻ ላይ የቆመው 36 ደቂቃ ይጠብቃል። ትንበያው «ጭጋግ» ይላል እንጂ ስንት ደቂቃ እንደሚያስጠብቅ አይናገርም፤ ቃሉን ወደ ደቂቃ የሚቀይረው ዲስፓቸሩ ነው።

መጠበቁ ካልቀረ መሬት ላይ ቢሆን ይመረጣል። የአየር ትራፊክ ፍሰት ክፍሎች የመነሻ ሰዓት የሚሰጡትም ለዚህ ነው። በአውሮፓ ስሎት ይባላል፤ ከተሰጠው ሰዓት 5 ደቂቃ ቀድሞ ወይም 10 ደቂቃ ዘግይቶ መነሳት ይፈቀዳል። ሞተር ሳይነሳ መጠበቅ ሰማይ ላይ ከመዞር ጋር አይወዳደርም፤ አየር ላይ ይህ አውሮፕላን በደቂቃ ወደ 40 ኪሎ ይበላል። አደጋው ሞተር ተነስቶ ሰልፍ ውስጥ ሲገባ ነው። ለ20 ደቂቃ የታሰበው 200 ኪሎ ሰልፉ 40 ደቂቃ ሲፈጅ ያልቅና ከኮንቲንጀንሲው መብላት ይጀምራል። ለዚህ ነው የበረራ ዕቅዱ ላይ ለመነሳት የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ነዳጅ የሚጻፈው፤ ከዚያ ካነሰ አይነሳም።

ዲስፓቸሩ መድረሻው ላይ 20 ደቂቃ መጠበቅ ይኖራል ብሎ ገመተ እንበል። 800 ኪሎ ማለት ነው። 800 ይዞ ለመድረስ ግን 870 መጫን አለበት፤ 70 ገደማው መንገድ ላይ ያልቃል። ሁሉም እንደታቀደው ከሄደ 3,625 ኪሎ ይዞ ይደርሳል። ለተለዋጩ ማረፊያና ለፋይናል ሪዘርቩ 2,450 ሲቀነስ የሚቀረው 1,175፣ ማለትም 29 ደቂቃ ነው። የፊት ነፋስ 300 ኪሎ ከበላበት ግን 22 ደቂቃ ገደማ ብቻ ይኖረዋል።

አሁን የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው «ለማረፍ 35 ደቂቃ መጠበቅ አለባችሁ» አለ እንበል። እዚህ ላይ እኔ በጣም የማምንበት ነገር አለ፦ ውሳኔው መዞር ሳይጀመር መወሰን አለበት። ካፒቴኑና ዲስፓቸሩ «2,450 ላይ ስንደርስ ወደ ተለዋጩ እንሄዳለን» ብለው ቁጥሩን ቀድመው መስማማት አለባቸው። «ትንሽ ብንጠብቅ ይከፈትልናል» የሚለው ተስፋ የሚበላው የተለዋጩን ነዳጅ ነው። ደግሞም ሌሎቹ አውሮፕላኖች ወደዚያው ተለዋጭ እየሄዱ ሊሆን ይችላል። ዲስፓቸሩ መቆሚያ ቦታና ነዳጅ መኖሩን፣ የአየሩ ሁኔታም እንዳልተበላሸ ደውሎ ማጣራት አለበት። ካፒቴኑ ይህን ከኮክፒት ማየት አይችልም።

በጥር 1990 ከኮሎምቢያ ወደ ኒውዮርክ ይበር የነበረው የአቪያንካ 52 በረራ ይህን ሁሉ ያሳያል። በሦስት ቦታ በድምሩ 1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ እንዲዞር ተደረገ። ተለዋጩ ቦስተን ነበር፤ አብራሪዎቹ በተቆጣጣሪዎቹ ሲጠየቁ ግን ቦስተን መድረስ የማይችሉበት ጊዜ ነበር። የመጀመሪያው የማረፍ ሙከራ ሳይሳካ ቀርቶ ነዳጁ አለቀ፤ ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ። አብራሪዎቹ ቅድሚያ ይሰጠን ብለዋል፣ ነዳጅ እያለቀብን ነው ብለዋል፤ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ግን አላሰሙም። መርማሪዎቹ የአየር መንገዱን የዲስፓች አገልግሎት አለመጠቀማቸውንም ከምክንያቶቹ ቆጥረውታል።

ዛሬ ቃላቱ ተለይተዋል። «ሚኒመም ፊውል» ማለት አንድ ማረፊያ ላይ ወስነናል፣ ከዚህ በላይ ከዘገየን ከፋይናል ሪዘርቩ አንሶ ልናርፍ እንችላለን ማለት ነው፤ ማሳሰቢያ እንጂ ቅድሚያ አያሰጥም። ከፋይናል ሪዘርቩ በታች እንደሚያርፉ ስሌቱ ካሳየ «ሜይዴይ» ሦስት ጊዜ ይባልና «ፊውል» ይከተላል። ያኔ ዲስፓቸሩ ቀሪውን ነዳጅ በደቂቃ፣ የተሳፋሪውን ቁጥርና የቅርቡን ክፍት ማረፊያ ይዞ መገኘት አለበት፤ አብራሪዎቹ እጃቸው ሥራ ላይ ስለሆነ ተቆጣጣሪው ስልክ የሚደውለው ለእሱ ሊሆን ይችላል።