ከወርቁ ዋንጫ የተረፈችው ሰማያዊ ድንጋይ

አቅራቢ 1፦ እሺ እህቴ፣ ዙሪክ ደርሰሽ መጣሽ። የፊፋ ሙዚየም እንዴት ነበር?

አቅራቢ 2፦ ሰው ሁሉ የሚሰለፈው የአሁኑ የዓለም ዋንጫ ጋ ነው። ከስድስት ኪሎ በላይ የሚመዝነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ያለው። እኔም ተሰልፌ ፎቶ ተነሳሁ። ልቤን የወሰደችው ግን አንዲት ድንጋይ ናት።

አቅራቢ 1፦ ድንጋይ?

አቅራቢ 2፦ የድሮው የዓለም ዋንጫ፣ የጁልስ ሪሜ ዋንጫ የሚባለው፣ መቀመጫ! ስምንት ማዕዘን ያላት፣ ላፒስ ላዙሊ ከሚባል ሰማያዊ ድንጋይ የተሠራች። ጠጋ ብለህ ስታያት የአሸናፊዎቹ ስም አለባት፦ ኡራጓይ፣ ጣሊያን፣ ጣሊያን፣ ኡራጓይ። እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1950 የተካሄዱት አራቱም የዓለም ዋንጫዎች እሷ ላይ ናቸው።

አቅራቢ 1፦ ከዚያስ ለምን ተለየች?

አቅራቢ 2፦ ለስም ቦታ ጠበበ። በ1954 ረዘም ያለ መቀመጫ ተሠራና አሮጌዋ ተነሳች፤ የፊፋ ምድር ቤት ውስጥ ተረስታ ኖራ በ2015 ተገኘች። ሙዚየሙ በዓመቱ ተከፈተ።

አቅራቢ 1፦ ዋንጫው ግን ስንት መከራ አይቷል! በ1966 ለንደን ውስጥ ከቴምብር ኤግዚቢሽን ላይ ተሰረቀ። ውድድሩ ሊጀመር አራት ወር ነበር የቀረው። በሳምንቱ ፒክልስ የሚባል ውሻ ከቁጥቋጦ ሥር፣ በጋዜጣ እንደተጠቀለለ አገኘው።

አቅራቢ 2፦ ያኔ ተረፈ። በ1970 ብራዚል ለሦስተኛ ጊዜ ስታሸንፍ የግሏ ሆነ። በ1983 ሪዮ ውስጥ ከብራዚል እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሕንፃ ሌቦች ወሰዱት። አየህ፣ የሳጥኑ ፊት ጥይት የማይበሳው መስታወት ነበር፤ ጀርባው ግን እንጨት! በፌሮ ፈለቀቁት።

አቅራቢ 1፦ ያናድዳል እኮ! አቅልጠው ወርቁን ሸጡት ይባላል አይደል?

አቅራቢ 2፦ ይሄ ለእኔ አይዋጥልኝም። ዋንጫው ብር ነው፣ ወርቁ ከላይ የተለበጠ ብቻ። ቢያቀልጡትስ ስንት ወርቅ ሊያገኙ? ብቻ እስከዛሬ አልተገኘም።

አቅራቢ 1፦ ስለዚህ ከመጀመሪያው ዋንጫ የቀረችው ያቺ ድንጋይ ብቻ ናት።

አቅራቢ 2፦ እሷ ብቻ! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያናዊው ኦቶሪኖ ባራሲ ዋንጫውን ከናዚዎች ሸሽጎ በጫማ ካርቶን አልጋው ሥር ሲያስቀምጠው፣ እሷም አብራ እዚያ ነበረች። ይህን እያሰብኩ ፊቷ ቆሜ ቀረሁ። ሰው በአጠገቤ ወደ ወርቁ ያልፋል፤ እኔ ግን ጥበቃው መጥቶ «ልንዘጋ ነው» እስኪለኝ አልተንቀሳቀስኩም።