ለጋላክሲ ቅርጹን ማን ሰጠው? የአድማጮች ጥያቄና የሥነ ፈለክ ባለሙያው መልስ

ጥያቄ፦ ጨለማ ቁስ የሚባለው ጥቁር ጉድጓድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ብርሃን የማያወጣና የማያግድ፣ በስበቱ ብቻ የምናውቀው ቁስ ነው።

ጥያቄ፦ ጋላክሲያችን ፍኖተ ሐሊብ እንደ ምጣድ ዝርግ ከሆነች፣ የከበባት ጨለማ ቁስ ለምን ድቡልቡል ሆነ? ቅርጿንስ ይነካዋል?

መልስ፦ ጋዝ እርስ በርሱ ሲጋጭ ይግላል፤ ሙቀቱን በብርሃን መልክ እያወጣ ጉልበቱን ስለሚያጣ ወደ መሃል ይሰበሰባል፤ ሽክርክሪቱ ግን ስለማይጠፋ ተዘርግቶ ይቀራል፣ ከዋክብትም እዚያው ላይ ይወለዳሉ። ጨለማ ቁስ ጉልበቱን እንዲህ የሚያራግፍበት መንገድ ስለሌለው እንደተነፋ ይኖራል፤ ይህንን ከበባ ሄሎ እንለዋለን። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ጄረሚያ ኦስትራይከርና ጄምስ ፒብልስ እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳዩት፣ በሽክርክሪት ብቻ የቆመ የከዋክብት ዝርግ ቶሎ ይናወጥና መሃሉ እንደ ዘንግ ይረዝማል፤ ግዙፍ ሄሎ ሲይዘው ግን ይረጋጋል። ዘንጉ አንዴ ከተፈጠረ ደግሞ ሄሎው ሽክርክሪቱን እየተቀበለ ያዘገየዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በስበት ብቻ መሆኑን አደራ አትርሱ።

ጥያቄ፦ እናቴ «በጨለማ ቁስ ኃይል ይፈውሳል» የተባለ ሐብል ገዝተው የደም ግፊት መድኃኒታቸውን አቋርጠዋል። እውነትነት አለው?

መልስ፦ የለውም፣ እህቴ። ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ፣ በሰማሁ ቁጥርም አዝናለሁ። ሄሎ ብርቱ የሆነው እጅግ ሰፊ በመሆኑ እንጂ አንድ ቦታ ተከማችቶ አይደለም፤ በእኛ አካባቢ ያለው ሲሰላ፣ መላዋን ምድር በሚያክል ቦታ ውስጥ የሚገኘው ተጠራቅሞ ቢመዘን አንድ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ያም ቢሆን በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እየፈጠነ በሰውነታችንም በድንጋዩም ውስጥ ያልፋል እንጂ በጌጥ ውስጥ አይታሰርም። በጣሊያን በግራን ሳሶ ተራራ ሥር ተመራማሪዎች ለዓመታት እየጠበቁት እስከ ዛሬ ቅንጣቱን በተረጋገጠ መንገድ አልያዙትም፤ ታዲያ ሻጩ ከየት አገኘው? ሥራው በስበት ብቻ ነው ስል ደም ግፊትን አያወርድም ማለቴም ነው። ሐብሉን ለጌጥነቱ ከወደዱት ያድርጉት፤ እርስዎ ግን እናትዎን ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ሄሎን በባይኖኩላር ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ አትችይም፣ ልጄ። ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ግን አንድሮሜዳን ፈልጊ፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1970 የዚያች ጋላክሲ ዳርቻ እንደተጠበቀው ሳይዘገይ በፍጥነት እንደሚዞር የለኩት እዚያ ነው፤ ይህም የማይታየው ሄሎ በስበቱ እንደሚይዘው ይጠቁማል።